የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት

ከጊንጪ እስከ አምቦ፣ ከአምቦም አልፎ እስከ ጉደር፣ ቆዳ ላይ በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ቆም ያለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይሰማል፤ ሥራው ሲበላሽ ተከሳሹ ቀለሙ ነው። «ቀለሙ አልያዘም»፣ «ቀለሙ ተላጠ»፣ «ቀለሙ ሮጠ» ይባላል። ቀበቶ ላይ የተደጎሰ ኦዳ፣ ኮርቻ ላይ የተቀረጸ ሐረግ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ሽፋን ላይ የታተመ መስቀል መልኩን የሚያጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቀለሙ ቆርቆሮ ሳይከፈት ነው። ጥፋቱ ቆዳው ሲለፋ ይጀምራል፤ ውሃ ሲጠጣ፣ ሲደርቅ፣ ቅቤ በነካው እጅ ሲዳሰስ ይቀጥላል። ቀለሙ የሚያደርገው ተደብቆ የነበረውን ማውጣት ነው።

*

ከመርካቶ ቆዳ ገዝቶ ወደ አምቦ የሚመለስ ባለሙያ በአብዛኛው ይዞ የሚመጣው በክሮም የለፋውን ነው። የሞጆና የአዲስ አበባ ፋብሪካዎች በዋናነት የሚያለፉት ለጫማና ለጓንት ነው፤ የደጋ በጋችን ቆዳ በውጭ ገበያ ስም ያወጣውም በጓንት ነው። ለዚያ ሥራ ክሮም ተወዳዳሪ የለውም። አውግስጦስ ሹልትዝ የተባለ የኒው ዮርክ ኬሚስት ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1884 ካስመዘገበ ወዲህ፣ በዛፍ ልጥ ወራት ይፈጅ የነበረው ሥራ በቀናት የሚያልቅ ሆነ። ዛሬ ከዓለም ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በዚሁ ነው። ቆዳው ለስላሳ ነው፣ ይለጠጣል፣ የፈላ ውሃ እንኳ ይችላል።

ለድጉስ ግን ይኸው ጠባዩ ጠንቅ ነው። አርሰው ማኅተሙን ቢመቱበት ምልክቱ ለጊዜው ይታያል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይነሣል። ስርጉዱ ሲጠፋ አንቲክ የሚባለው፣ ስርጉዱን ሞልቶ ሥዕሉን የሚያጎላው ጥቁር ቅብ የሚያርፍበት ቦታ ያጣል። ባለሙያውም ሥዕሉ እንዲታይለት ሲል ወፍራም ቀለም ይቀባዋል። ያ ወፍራም ቀለም የሚተጣጠፍ ነገር ላይ ተቀምጦ ብዙ ሳይቆይ ይሰነጠቃል። ደንበኛው ቀለሙን ይወቅሳል፣ ባለሙያው የተሻለ ቀለም ፍለጋ ይወጣል፤ ችግሩ ግን ከመርካቶ ከቆዳው ጋር ተጠቅልሎ የመጣ ነው።

መለያው ቀላል ነው። ጠርዙን በምላጭ ቆርጦ ውስጡን ማየት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ከሆነ ክሮም ነው፤ በልጥ የለፋው ውስጡም ቡናማ ወይም የስንዴ መልክ አለው። ቆዳው እስከ ውስጡ በቀለም የተነከረ ከሆነ ይህ ስለሚያሳስት ጠብታ ውሃ ያስፈልጋል። በልጥ የለፋ፣ ምንም ያልተቀባ ቆዳ ጠብታዋን ቶሎ ጠጥቶ ይጠቁራል፤ በረጠበው ላይ ጥፍር ሲጫኑበት ምልክቱ ይቀራል። ይህን ሻጩ ፊት ማድረግ ነውር የለበትም። ጠያቂው ቢበዛ ሻጩም የልጥ ቆዳ ማምጣት ያዋጣው ነበር።

*

የሚደጎስ ቆዳ ምን ያህል መርጠብ እንዳለበት በቁጥር ማስተማር አይቻልም። ከረጠበ በኋላ መልኩ ወደ ቀድሞው ሊመለስ ሲቃረብ፣ ጉንጭ ላይ ሲያስነኩት ግን አሁንም ሲቀዘቅዝ፣ ያን ጊዜ ነው የሚመታው። ውሃ የበዛበት ቆዳ ላይ ምልክቱ ይሟሟል፤ የደረቀ ቆዳ ላይ ላዩን ይቀራል። ሁለቱም በኋላ «አንቲኩ አልገባም» ተብለው ይመጣሉ።

*

የብራና መጻሕፍት ሽፋን ላይ ያለውን ድጉስ ላየ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው ቀለም የሌለው መሆኑ ነው። የዋንዛ ወይም የወይራ ገበታ በቀላ ቆዳ ይለበጣል፤ ባለሙያው ቆዳውን በልኩ አርጥቦ፣ ብረቱን አግሎ፣ መስመር በመስመር፣ ነጥብ በነጥብ መስቀሉን ያትመዋል። ወርቅ የለም፣ ጥቁር ቅብ የለም። የመስመሩን ጥቁረት የሰጠው በእርጥብ ቆዳ ላይ ያረፈው ሙቀት ነው። የቀረውን የሞላው እጅ ነው፤ ለዘመናት መጽሐፉን ያነሣና ያስቀመጠ የካህናትና የደብተራዎች እጅ።

ዛሬ አንቲክ የምንለው ቅብ ያን የእጅ ሥራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለማስመሰል የሚሞክር ነው። ማስመሰሉ መጥፎ አይደለም፤ ጥሩ አድርጎ ለመሥራት ግን እውነተኛው እንዴት እንዳረጀ ማየት ያስፈልጋል። አሮጌ ሽፋን እኩል አይጠቁርም። አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠርዝ፣ ማዕዘኑና ጀርባው ይጠቁራሉ፤ መስቀሉ ያለበት መሐል ፈካ ብሎ ይቀራል፤ ከፍ ያለው ገጽ በመታሸት ብዛት ይወለውላል። በየስጦታ ዕቃ መደብሩ የሚታየው አዲስ ሽፋን ግን ከጥግ እስከ ጥግ በአንድ ዓይነት ጥቁር ቡናማ ተለቅልቋል። ዓይን ምክንያቱን ባያውቅም አይቀበለውም። መፍትሔው ቀለም መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነው፤ መሐሉን መግፈፍ፣ ጠርዙን መተው።

ማሳመርና ማታለል ግን መለየት አለባቸው። አዲስ ብራናና አዲስ ሽፋን በጭስና በሻይ ተቀብቶ «የጥንት ነው» ተብሎ ሲሸጥ፣ የተዘረፈው የውጭ ጎብኚው ብቻ አይደለም። የእውነተኛው ድጉስ ባለሙያ ሥራም አብሮ ይረክሳል፤ ገዢው ከእንግዲህ ሁሉንም ይጠራጠራልና። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይከለክላል። ጥንታዊ ነው ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ ሐሰተኛ ነው ወይ ሕገ ወጥ። ሥራውን «ዘንድሮ የተሠራ» ብሎ የሚሸጥ ባለሙያ ከሁለቱም ይድናል፤ ዋጋውንም በእጁ ጥበብ ይጠይቃል።

*

አምቦ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ የሚጠርግ አንድ ሊስትሮ የተደጎሰ ቀበቶ ሲያድስ ቆሜ አየሁ። ስርጉዱ ውስጥ የነበረው ጥቁር ከአገልግሎት ብዛት ተሟጦ ሐረጉ ጠፍቶ ነበር። ልጁ በሳሙና ውሃ በረጠበ ስፖንጅ ጠረገውና ጥላ ያለበት አግዳሚ ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው ጫማ ጀመረ። ቀበቶው ሲደርቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥቁር ቡናማ የጫማ ቀለም ስርጉዱ ውስጥ አስገባ። ቀጥሎ ያደረገው ነው ያስደነቀኝ። ጨርቁን ጣቱ ላይ አልጠቀለለም፤ ትንሽ ጣውላ ላይ ወጥሮ ከላይ ከላይ ብቻ ገፈፈው። «ጋሼ፣ በጣት ከሆነ እኮ ገብቶ ያወጣዋል» አለኝ ዓይኑን ከቀበቶው ሳያነሣ።

ይህን ያስተማረው የለም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ የቆዳ ቀለም የሚያመርተው የፊቢንግስ ዓይነት ኩባንያ በሚሸጠው አንቲክ የሚሠራው ሥራም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ስርጉዱን መሙላት፣ ጉብታውን ማጽዳት። የጫማ ቀለም ሰምና ማቅለሚያ ስለሆነ ለዚህ ሥራ በደንብ ያገለግላል። ቆዳ ሠሪዎቻችን «አንቲክ ከውጭ ካልመጣ አይሠራም» ሲሉ፣ መልሱ ከሱቃቸው ፊት ለፊት በትንሽ ሣጥን ተቀምጧል።

የሊስትሮው ዘዴ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ቀበቶው ቀድሞ የታሸገ ስለነበረ ነው ቀለሙ እንዲያ በቀላሉ የተገፈፈው። ባልታሸገ አዲስ ቆዳ ላይ ያው የጫማ ቀለም ቢቀባ ቆዳው ይጠጣዋል፤ በሆድ በኩል ያለው ላላ ያለ ክፍል አብዝቶ፣ በጀርባ በኩል ያለው ጥቅጥቅ ያለው አሳንሶ። ውጤቱ ዥንጉርጉር ነው። ያን ጊዜ መጥረግ ምንም አያደርግም፤ ቀለሙ ገጹን አልፏልና። ስለዚህ ከአንቲኩ በፊት ስስ የማሸጊያ ቅብ፣ ከተቻለ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያም አንድ ሌሊት ማሳደር። ብዙ ሥራ የሚጠፋው በዚያች ሌሊት ነው፤ ደንበኛው ነገ ይመጣል ተብሎ በዕለቱ ይቀባል።

*

የቅብ ንብርብር አንድ ሕግ አለው፤ ማንም ሱቅ ግድግዳ ላይ ተጽፎ ባላየውም ሁሉም ሊያውቀው ይገባል። ላይኛውን የሚያሟሟ ነገር ታችኛውን የሚያሟሟ መሆን የለበትም። የጫማ ቀለም በአኳራጅ ይለቃል፤ የደረቀ አክሪሊክ ግን አኳራጅን ይቋቋማል። አክሪሊክ በአልኮልና በአሴቶን ይለቃል። በውሃ የተሠራ አንቲክ በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። ስለዚህ አክሪሊክ ማሸጊያ ላይ የተቀባ የጫማ ቀለም በዝቶ ቢጠቁር፣ አኳራጅ በነካ ጨርቅ ጠርጎ እንደገና መጀመር ይቻላል፤ ከታች ያለው አይነካም። በአልኮል የተበጠበጠ ማቅለሚያ ላይ ግን በአልኮል የሚሟሟ ማሸጊያ በብሩሽ ሲቀባበት፣ ብሩሹ ራሱ የታችኛውን ቀስቅሶ እየጎተተ ሥዕሉን ያደፈርሰዋል። «ማሸጊያው ቀለሜን በላው» የሚለው ምሬት ምክንያቱ ይህ ነው። መድኃኒቱም አስቀድሞ ከተቀባው ላይ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድረስ ትርፉን ቀለም ማሸት፣ ማሸጊያውን ደግሞ ሳይመላለሱ በአንድ አቅጣጫ ማለፍ ነው።

የማሸጊያው ነጭ ደመናም ከዚሁ ወገን ነው። ቆዳው በደንብ ሳይደርቅ ከታሸገ፣ ወይም ቅቡ ወፍራም ከሆነ፣ በክረምት ወራት ገጹ ላይ ጭጋግ ይዞ ይቀራል። ጠርሙሱን የሚንጠው ደግሞ አረፋውን ስርጉዱ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ነው።

*

የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ፣ ከዚያም በፊት ቢሆን፣ የኦዳ ዛፍና የጥቁር፣ ቀይ፣ ነጭ ኅብረ ቀለም ያለበት ቀበቶና የኪስ ቦርሳ በአምቦና በአካባቢዋ ተፈላጊ ነው። ሥራው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ዛፉን ማተም፣ ሦስት መስመር መቀባት። ቀዩ ግን አስቸጋሪ ነው። በአልኮል የተበጠበጠ ቀይ ማቅለሚያ በቆዳው ጭረት፣ ማለትም በውስጡ ባለው ክር፣ እየተጓዘ ወደ ነጩ ይሻገራል። ዛሬ ንጹሕ የነበረ ነጭ ከነገ ወዲያ ሮዝ ሆኖ ይገኛል። ነጭ ደግሞ እየጨመሩ ቢለብጡት ቀዩ ከሥር እየወጣ ያልፈዋል፤ ንብርብሩም ይወፍርና ቀበቶው ሲታጠፍ ይሰነጠቃል።

ጥሩ የሚሠሩትን ሳያቸው ቅደም ተከተላቸው ሌላ ነው። በሁለቱ ቀለማት መካከል በቢላ ስስ ድንበር ይቆርጣሉ፤ ጭረቱ ስለሚቋረጥ ቀለሙ እንደ ልብ አይሻገርም። ጥቁሩና ቀዩ ተቀብተው፣ ታሽተው፣ ታሽገው ካደሩ በኋላ ነው ነጩ የሚመጣው። ነጩም ማቅለሚያ ሳይሆን አክሪሊክ ነው፤ በውሃ ቀጥኖ ሦስት ጊዜ በስሱ ይቀባል። በመጨረሻ ነጩ ለብቻው ይታሸጋል፤ ይህ ካልሆነ አንቲኩ ሲመጣ ነጩን ቡና የፈሰሰበት ያስመስለዋል።

ቀዩ አንዴ ከተሻገረስ? ከቆዳ ጭረት ውስጥ ማቅለሚያ ማውጣት አይቻልም፤ በሳሙና የሚፈትጉት ቆዳውን ብቻ ያቆስሉታል። የሚቻለው ሥዕሉን መለወጥ ነው። የዛፉን ዙሪያ መሬት በነጠብጣብ ማኅተም ዝቅ አድርጎ ጥቁር ማልበስ። የሮጠው ቀለም ጥቁሩ ሥር ይገባል፣ ዛፉም ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ይወጣል። ይህን ያደረገ አንድ የጉደር ሠራተኛ ደንበኛው ጥፋቱን ሳያውቅ ምስጋና ሲያዥጎደጉድለት አይቻለሁ፤ እሱ ግን የሆነውን ሳይሸሽግ ነገረው። ሁለቱም ያስደስታሉ፤ መላውም፣ ሐቁም።

*

ወንጪ ሐይቅ ከአምቦ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው። የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል፤ እንግዳ ወደ ውሃው በእግሩ ወይም በፈረስ ይወርዳል። አካባቢው የፈረስ አገር ነው። የጨቦው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የፈረስ ስማቸው «አባ መቻል» ነበር። ሰው በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ኮርቻ ተራ ዕቃ ሆኖ አያውቅም።

ኮርቻው ግን ዝናብ፣ ላብና ብርድ ይፈራረቁበታል። ባለ ፈረሱ እንዳይደርቅበት ሞራ ይቀባዋል። ብርድ ካደረበት በኋላ ጠዋት ድጉሱ ላይ ነጭ ነገር ይታያል፤ «ሻገተ» ተብሎ ይታጠባል፣ እሳት ዳር ይሰቀላል። ብዙ ጊዜ ሻጋታ አይደለም። ከሞራው ውስጥ ያለው ጠጣር ስብ በብርድ ረግቶ ወደ ገጹ መውጣቱ ነው። መለየት ለሚፈልግ መዳፍን ለጥቂት ጊዜ ማሳረፍ ወይም የፀጉር ማድረቂያ ከሩቅ ማስጠጋት ይበቃል። ስብ ከሆነ ቀልጦ ይጠፋል፤ ያን ጊዜ በጨርቅ ማበስ ነው። ሻጋታ አይቀልጥም፤ ይሸታል፣ ጸጉር ጸጉር ይላል፣ በነጠላ ነጠላ ቦታ ይበቅላል። እሱን ከቤት አውጥቶ መቦረሽ፣ አልኮል በነካ ጨርቅ መጥረግ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ ማድረቅ።

እሳቱ ከሁሉም የከፋ ነው። በልጥ የለፋ ቆዳ እርጥብ ሳለ ሙቀቱ ሰባ፣ ሰማንያ ዲግሪ ከደረሰ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ቆዳ ተመልሶ አይለሰልስም። ድጉሱ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይላጣል። ያኔም የሚወቀሰው ቀለሙ ነው።

ስለ ዘይትም መናገር ያስፈልጋል። በመስከረም የምዕራብ ሸዋን ማሳ ቢጫ የሚያለብሰው ኑግ ዘይቱ ለወጥ ድንቅ ነው፤ ለቆዳ ግን ጠላት ነው። ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀስ በቀስ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል። ስርጉዱ በቀይ አቧራ ይሞላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀባበት ምንም ነገር አይይዝም። ተልባ ከኑግም ይብሳል፣ ሲደርቅ ይጠነክራልና። ጉሎ እንዲህ አይወፍርም፤ በጣም ጥቂቱ በጨርቅ ተቀብቶ ሲታሽ ቆዳን ያለሰልሳል። ከብዛት ይጠበቅ እንጂ። ዘይት የጠገበ ቆዳ ላይ የተቀባ አክሪሊክ ዘይት ላይ እንጂ ቆዳ ላይ አልተቀመጠም፤ በጥፍር ይነሣል።

*

ቆዳ የሚያርሱበትን ውሃ በዛገ ቆርቆሮ የሚያስቀምጡ ብዙ ናቸው። በልጥ የለፋ ቆዳ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል። ትንሽ የብረት ብናኝ፣ የዛገ ዘለበት፣ የሞረድ ትቢያ ይበቃዋል፤ ሰማያዊ ጥቁር ነጥብ ጣል ጣል ያደርጋል። ይህን ነጥብ በቀለም ለመሸፈን መሞከር ከንቱ ነው። የሎሚ ጭማቂ ቀባ አድርጎ መጠበቅ፣ ከዚያ በንጹሕ ውሃ መጥረግ ብዙውን ያወጣል። ውሃው ነጥቡ ላይ ብቻ ካረፈ ግን ዙሪያው ቀለበት ይሠራል፤ ስለዚህ ቁራጩ ሁሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እኩል ይረጥባል።

ያው ጠባይ በፈቃድ ሲሆን ጥቅም ነው። ምስማር በኮምጣጤ ዘፍዝፎ ለቀናት አቆይቶ፣ ፈሳሹን በጨርቅ አጥልሎ ቆዳው ላይ ማሳለፍ። ጥቁረቱ ከቆዳው ከራሱ ጋር ተዋህዶ ስለሚፈጠር አይለቅም። ለመጣብር፣ ለኮርቻ ማሰሪያና ለቀበቶ ከዚህ የሚሻል ጥቁር አላየሁም። ከሱቅ የሚገዛው ጥቁር ማቅለሚያ በደንብ ካልታሸ በጥምቀትና በኢሬቻ ቀን ነጭ ልብስ ላይ ይታተማል፤ ይህኛው አያደርገውም። ሲያበቃ ጥቂት ሶዳ በበዛ ውሃ በጥብጦ መጥረግ ግን አይረሳ፤ አሲዱ ከቀረ ቆዳውን ይበላል።

*

እከክ፣ የመዥገር ንክሻ፣ የአራጅ ቢላ ያሳረፈው ጭረት፤ ይህ ሁሉ ቆዳው ሲቀባ ይታያል። የጫማ ፋብሪካ ወፍራም ቅብ አልብሶ ያልፈዋል። የሚደጎስ ቆዳ ገጹ ራቁቱን ስለሆነ አይሸፍነውም። በበዓል ማግሥት የበግ ቆዳ መንገድ ላይ ተጥሎ ማየት የለመድን ሰዎች፣ ጥሩ ገጽ ያለው ቆዳ የሚያገኝ ባለሙያ ስንት እንደሚለፋ ብናውቅ ቢላችንን ቀስ እናደርግ ነበር።

*

ከጊንጪ በስተ ሰሜን ያለው የጭልሞ ደን ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ ከሸዋ የተረፈ ውድ ሀብት ነው። ከ1988 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ ፋርም አፍሪካ በተባለው ድርጅት አጋዥነት የአካባቢው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን መጠበቅና መጠቀም ሲለማመድ ቆይቷል። «የልጥ ቆዳ እንፈልጋለን» የሚል ሰው ሁሉ ይህን ደን እንዲያስብ እፈልጋለሁ። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ይሞታል። ቆዳችን እንዲደጎስ ሲባል የጭልሞ አንድም ዛፍ መላጥ የለበትም።

ልጡ ሌላ ቦታ አለ። በአዊ ዞን ገበሬው ለከሰል ብሎ የሚተክለው ዲከረንስ የሚባለው ግራር የአፍሪካ ቆዳ ፋብሪካዎች ልጡን ከሚጠቀሙበት ከጥቁሩ ዋትል ጋር የአንድ ወገን ዛፍ ነው፤ ታኒንም አለው። ዛፉ የሚቆረጠው ለከሰሉ ነው። ያ ልጥ ወደ ቆዳ ማልፊያ ቢመጣ በዚያው ዞን ያለው የፋግታ ለኮማ ገበሬ ሁለተኛ ገቢ ያገኛል፤ የአምቦ ባለሙያም ድጉስ የሚይዝ ቆዳ። ይህን የሚያገናኝ ሰው እስካሁን አለመነሣቱ ያሳዝነኛል።

*

ቆዳ ፋቂ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፤ እነዚህ ሁሉ በአማራውም በኦሮሞውም ዘንድ ሲናቁ የኖሩ ናቸው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ስድቡን እንጂ ንቀቱን አላጠፋም። የንቀቱ ዋጋ ዛሬም ይከፈላል። ብራና የሚጽፍ ሰው ሞልቶ ሳለ ቆዳ እንዴት እንደሚለፋ፣ ቀይ መልኩን ምን እንደሚሰጠው፣ ብረቱ ምን ያህል እንደሚግል ጽፎ ያስቀመጠልን ጥቂት ነው። እውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ በእጅ ሄደ፤ ልጁ ስድብ ሸሽቶ ከተማ ሲገባ አብሮ ቀረ። ሐረር ላይ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ የቁርኣን መጻሕፍትን ከነሽፋናቸው ሲሰበስቡና ሲጠግኑ የቆዩት ሥራ የሚያኮራው ለዚህ ነው። አምቦና ጊንጪ ያሉ ሽማግሌ ቆዳ ሠሪዎች ዘንድ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ተማሪ ያስፈልጋል። አምቦ ዩኒቨርሲቲ ከደጃቸው ነው።

*

የተላጠ ቀበቶ ይዞ የመጣ ደንበኛ የሚፈልገው ፈጣን ቅብ ነው። የተላጠው ላይ የሚቀባ ቀለም ከተላጠው ጋር ይላጣል። ትክክለኛው ሥራ አሮጌውን ማውጣት ነው፤ ጥጥ የተጠቀለለበት ስንጥር በአልኮል፣ እምቢ ካለ በአሴቶን እየነከሩ፣ ስርጉዱን ተከትሎ ቀስ በቀስ ቆዳው እስኪታይ። ጥጡ ቶሎ ቶሎ ይለወጣል፤ ካልተለወጠ ያወጣውን መልሶ ይቀባል። ክፍሉ መስኮት ይኑረው፣ አጠገብ እሳት አይኑር። ከዚያ ማድረቅ፣ ስስ ቀለም፣ ስስ ማሸጊያ። ይህ ከአዲስ ቀበቶ የማይተናነስ ጊዜ ይፈጃል፤ ባለሙያው ግን የሚያስከፍለው የቀለሙን ዋጋ ብቻ ነው። የማውጣቱ ሰዓት ዋጋ ይኑረው። ዋጋ እስካልኖረው ድረስ ማንም አያወጣም፣ ላዩ ላይ ይቀባበታል፣ ቀበቶውም በወሩ ይመለሳል።

*

ምንም ቅብ የማይገባው ቆዳም አለ። አንዳንድ የድሮ መጽሐፍ ሽፋን ሲነኩት እጅ ላይ ቀይ ዱቄት ይተዋል። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1843 በለንደን ከአንድ ክበብ ቤተ መጻሕፍት የወጡ ሽፋኖችን መርምሮ ጥፋቱን በጋዝ መብራት ጭስ ውስጥ ባለው ድኝ ላይ አሳበበ። እንዲህ ባለ ሽፋን የቆዳውን ጭረት አሲድ በጣጥሶታል። ደግ አሳቢ ካህን ወይም ምእመን ቅቤ፣ ዘይት ወይም የጫማ ቀለም ይቀባዋል፤ ቆዳው ጠጥቶ ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ይፈረካከሳል። መመለሻ የለውም። አጥባቂዎች ክሉሴል ጂ የሚባል በአልኮል የሚሟሟ ሙጫ በጣም አቅጥነው ዱቄቱን ያረጉበታል፤ እሱም ለሠለጠነ እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ያለው ደብር ሽፋኑን ሳይጠርግ፣ ሳይቦርሽ፣ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ በማኅደሩ ያኑረውና አዲስ አበባ ወመዘክር ወይም የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ያሉትን ባለሙያዎች ይጠይቅ። ሊስትሮውንም፣ ቀበቶ ሠሪውንም፣ እኔንም አይጠይቅ።